ለውጭ በርና መስኮት ጠቆር ያለ ቀለም፦ የቱን እንምረጥ?

«የውጭ በር ከነመቃኑ፣ አራት መስኮትና የበረንዳ መደገፊያ ከጠንካራ እንጨት አሠርተናል። እንጨቱ ኢሮኮ ነው ተብለናል። ገና አልተቀባም፣ አልተገጠመምም። በሩና ሁለቱ መስኮቶች ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላሉ። እኛ የወደድነው ወደ ጥቁር የተጠጋ ቡናማ ነው። አንዱ ቀለም ቀቢ ቫርኒሽ ላይ ጥቁር ቀለም በጥብጬ ልቀባላችሁ አለ። ሌላው ዘይት ይሻላል አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጥቁር የዘይት ቀለም ቀብታችሁ ተገላገሉ አለን። የቱን እንመን?»

ከመልሱ ልጀምር። ወደ እንጨቱ የሚሰርግ፣ ስስ ሆኖ የሚቀር፣ መልኩን ከፒግመንት (ከማይሟሟ የቀለም ዱቄት) ያገኘ የውጭ እንጨት ማቅለሚያ ምረጡ። ስቴይን እየተባለ የሚሸጠው ማለቴ ነው። መልኩ ጥቁር ቡናማ ይሁን። ድፍን ጥቁር ግን አይሁን። ከሦስቱ ቀቢዎች ወደዚህ የሚቀርበው ዘይት ይሻላል ያለው ነው። የትኛው ዘይት እንደሆነ ካልተጠየቀ ግን እሱም ችግር ውስጥ ሊከታችሁ ይችላል።

ምክንያቱን በዝርዝር ልንገራችሁ። ሥራው መሀል ላይ ቀቢው «ይሄ ምን ያስፈልጋል?» ሲላችሁ መልስ ይኖራችኋል።

ጠቆር ያለ ቀለም ፀሐይን ይውጣል። ነጭ የተቀባ እንጨት በጠራራ ፀሐይ ላይ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ጥቁር የተቀባ እንጨት ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አየሩ አንድ ነው፣ እንጨቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቀለሙ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እንጨቱን የሚሰነጥቀው ሙቀቱ ራሱ ይመስለዋል። እንጨት ግን በሙቀት የሚለጠጠው በጣም ትንሽ ነው። ጉዳቱን የሚያመጣው እርጥበት ነው። ፊቱ ሲግል በውስጡ ያለውን እርጥበት በፍጥነት ያጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ መኮማተር ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው እንጨት ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይወጣሉ። ማታ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲመጣ ውሃው በነዚያ ስንጥቆች ይገባል። በማግስቱ ፀሐይዋ እንደገና ታደርቀዋለች። ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር መመላለሱ ይከፋል።

እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው በወርዱ ነው። በወርዱም ቢሆን እኩል አይደለም። የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚኮማተረው ብዙ ጊዜ እጥፍ ገደማ ነው። መካከለኛ ጠባይ ላለው ጠንካራ እንጨት አናጢዎች የሚጠቀሙበት ሻካራ ስሌት አለ። እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀየር፣ ወርዱ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የተሰነጠቀ ጣውላ ወርዱ በ0.25 በመቶ ያህል ይቀየራል። የበራችሁ መሀል ሰሌዳ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረውና እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢወርድ፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል ማለት ነው። ኢሮኮ ከዚህ ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከረጋ ጠባይ እንጨቶች አንዱ ነው። ኦክና ባሕር ዛፍ ግን ይበልጣሉ። ስለዚህ እንጨቱ በእርግጥ ኢሮኮ ከሆነ ለጠቆረ ቀለም መጥፎ ምርጫ አላደረጋችሁም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። እንጨት ውስጥ ቃጫዎቹን አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያፈርሰው እሱን ነው። ያልተቀባ እንጨት ውጭ ሲቆይ የሚሸብተው ሊግኒኑ ፈርሶ በዝናብ ስለሚታጠብ ነው። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ጨረሩን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። ቫርኒሹ ራሱ ገና ደህና ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው የእንጨት ፊት ይላላል። ያኔ ቫርኒሹ የሚይዘው ያጣና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። «ውድ ቫርኒሽ ገዝቼ በዓመቱ ተላጠ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገጠመው ይህ ነው። ቫርኒሹን መቀያየር ችግሩን አይፈታውም።

እዚህ ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ትልቅ ጥቅም አለው። በውስጡ ያለው ፒግመንት ጨረሩን እንጨቱ ጋ ሳይደርስ ያስቀረዋል። እንግዲህ ጥቁርነት ሁለት ነገር ያመጣል። ከብርሃን ይጠብቃል፣ ሙቀት ይጨምራል። ጥሩ ምርጫ ማለት የመጀመሪያውን ጥቅም ወስዶ ሁለተኛውን ጉዳት የሚችል ነገር ማግኘት ነው። ጉዳቱን የሚችለው ደግሞ ስስና ከእንጨቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ወፍራምና ደረቅ ሽፋን አይችለውም።

ወደ ሦስቱ ቀቢዎች ልመለስ።

ቫርኒሽ ላይ ጥቁር ቀለም መበጥበጥ ከሦስቱ ሁሉ የማልመክረው ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያምራል፤ ያብረቀርቃል። ግን ቀለሙ ያለው በሽፋኑ ውስጥ እንጂ በእንጨቱ ውስጥ አይደለም። ብሩሽ የተደራረበበት ቦታ ይጠቁራል፣ የሳሳበት ይነጣል። ቁልፍ የነካካው፣ ጫማ የመታው ቦታ የእንጨቱን ሐመር መልክ ያወጣል። ከዚያ ፀሐዩ በሚመታው በኩል መሰንጠቅና መነሳት ይጀምራል። ጥገናው ደግሞ ከባድ ነው። የተነሳውን ብቻ ፍቃችሁ ብትቀቡት ጥገናው ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ በሩን ሙሉ በሙሉ መላጥ ይመጣል። ለቤት ውስጥ የሚሠራ ጠንካራ ቫርኒሽ ከሆነማ ይባስ ነው፣ አይለጠጥም። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው የተሻለ ይለጠጣል። እሱም ብዙ እጅ መቀባት፣ ከዚያም በየጊዜው እየታሸ መታደስ ይፈልጋል። ያንን ትጋት የሚወድ ሰው ካለ በጣም የሚያምር ሥራ ይወጣዋል። ለአብዛኛው ቤት ግን አይሆንም።

ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥቁር የዘይት ቀለም ቀቡ ያለው ሦስተኛው ቀቢ ያልተሳሳተበት ነገር አለ። ከብርሃን በመጠበቅ ረገድ የሚሸፍን ቀለምን የሚበልጥ የለም። እንጨታችሁ መልኩ የተዘበራረቀ ወይም የተጠጋገነ ቢሆን ኖሮ እኔም ወደዚያ ባዘነበልኩ ነበር። ግን ጥሩ ጠንካራ እንጨት አሠርቶ መልኩን መቅበር ያሳዝናል። ደግሞም ጥቁር የዘይት ቀለም ከዓመት ወደ ዓመት እየደረቀ ይሄዳል፣ መለጠጥ ያቆማል። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። በዚያ የገባው ውሃ ከሽፋኑ ኋላ ታምቆ ይቀራል። ከላይ ደህና የሚመስል ቀለም ከሥሩ እንጨቱን ሲያበሰብስ ማየት የተለመደ ነው። የግድ ይህንን መንገድ ከመረጣችሁ፣ የሚለጠጥ የውጭ አክሪሊክ ቀለምና እንጨቱ የሚያወጣውን እድፍ የሚያግድ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ እጅ) ይሁን። የፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዓይን በማይታየው ኢንፍራሬድ ውስጥ ነው ያለው። ያንን የሚመልስ ልዩ ፒግመንት ያላቸው ጥቁር ቀለሞች ተሠርተዋል። እነሱ እንደተራው ጥቁር አይግሉም። ካገኛችሁ ያንን ምረጡ።

ዘይት ሲባል ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። የተልባ ዘይት ብቻውን ለውጭ አይበቃም። ለመድረቅ ይዘገያል፣ አቧራ ይይዛል፣ እርጥብ ቦታ ላይ ሻጋታ ይመገበዋል። ቀለም የሌለው ዘይት ከብርሃን በበቂ አይጠብቅም ብትሉ አትሳሳቱም። «ያጠቁረዋል፣ ምስጥም አይነካውም» ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባም አለ። እባካችሁ ይህን በራችሁ ላይ አታድርጉ። የሞተር ዘይት መቼም አይደርቅም። እጅና ልብስ ያበላሻል፣ ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮችን ይዟል። ከሁሉ የሚብሰው አንዴ እንጨቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላ ቀለም በላዩ አይዝም። ለወደፊቱ ያላችሁን ምርጫ ሁሉ ይዘጋዋል።

ለውጭ እንጨት ተብሎ የተሠራና ፒግመንት ያለው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። መልካም ምርጫ ነው። አይላጥም፣ ማደሱም ቀላል ነው፤ አጥቦ መቀባት ብቻ። ድካሙ ቶሎ መድገም የሚፈልግ መሆኑ ላይ ነው። ፀሐይ በሚመታው በኩል በየዓመቱ እጅ ካልነካው ይደርቃል።

ስቴይኑ በነዚህ መሀል ነው ያለው። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እጅ ይቀባል። ከፊሉ ይሰርጋል፣ ከፊሉ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። የእንጨቱን መልክ አይደብቅም። የውሃ ጠብታ አያስገባም፣ ውስጥ የቀረ እርጥበት ግን ተን ሆኖ እንዲወጣ ይፈቅዳል። እኔ ከምንም በላይ የምወድለት አረጀ ሲባል የሚያረጅበትን መንገድ ነው። ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ አይላጥም። የማይላጥ ነገር መፋቅ አያስፈልገውም። ውጭ የሚቀመጥ እንጨት ላይ መቼም ቢሆን ድጋሚ መቀባት አይቀርም። ስለዚህ ስትመርጡ «ዛሬ እንዴት ያምራል?» ከማለት ይልቅ «ከሦስት ዓመት በኋላ ማን፣ እንዴት ያድሰዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ስለ መልኩ። የጠቆረ ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። በፒግመንት የጠቆረ አለ፣ በሚሟሟ ማቅለሚያ የጠቆረ አለ። ፒግመንት ማለት በጣም የደቀቀ የማይሟሟ ዱቄት ነው። ለቡናማና ለቀይ የሚያገለግለው ብዙ ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ለጥቁር ደግሞ የካርቦን ጥላሸት። ሁለቱም ፀሐይን ይችላሉ። የሚሟሟው ማቅለሚያ ለቤት ውስጥ ዕቃ ውብ ነው፣ ውጭ ግን ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል። ለመለየት ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ካልተጻፈ ሳይነቃነቅ የቆየ ጣሳ ከፍታችሁ እንጨት ወደ ታች ስደዱ። ከሥር ጭቃ የመሰለ ነገር ካወጣ ፒግመንት አለው። ብረትን በኮምጣጤ አሟምቶ እንጨት የማጥቆር ዘዴም አለ። እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ያጠቁራል። ያ መልክ ብቻ ነው፣ ጥበቃ የለውም። ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

ድፍን ጥቁር አይሁን ያልኩት በሙቀቱ ብቻ አይደለም። ጥቁር ላይ አቧራ፣ የወፍ ኩስና የዝናብ ምልክት ጎልተው ይታያሉ። ሽፋኑ ሲያረጅ የሚያወጣው ነጭ ዱቄትም እንደዚያው። ጥቁር ቡናማ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፣ ከቅርብ ሲያዩት ደግሞ እንጨትነቱ አይጠፋም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ስቴይን በታደሰ ቁጥር ፒግመንት ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ይጠቁራል። ዛሬ የመጨረሻውን ጥቁረት ከቀባችሁ ከሁለት እድሳት በኋላ ድፍን ጥቁር ላይ ትደርሳላችሁ። ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ፈካ ብላችሁ ጀምሩ። የበረንዳው መደገፊያ ላይ ደግሞ የእጅ መያዣው ከሌላው ፈካ ያለ ይሁን። ከቀትር በኋላ እጃችሁን የምታሳርፉበት፣ ልጅም የሚይዘው እሱ ነው። ጥቁር ከሆነ ያቃጥላል።

መልክ በካታሎግ አትምረጡ። ናሙናው ሌላ እንጨት ላይ ነው የተቀባው። አናጢው የተረፈ ቁራጭ አይጠፋውም። እንደ በሩ አድርጋችሁ አሹት፤ ሁለት ሦስት መልክ፣ በሩ የሚቀባውን ያህል እጅ ቀቡና ፀሐይ ላይ አውጡት። ጠዋትም ማታም እዩት። ኢሮኮ አዲስ ሲላግ ቢጫ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዛሬ የተላገ ቁራጭና ወራት የቆየ ቁራጭ ላይ አንድ ቀለም ሁለት መልክ ይሰጣል።

ናሙናው ሌላም ጥቅም አለው። ኢሮኮ በውስጡ በዘይት ላይ የተመሠረቱ ማቅለሚያዎችን መድረቅ የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለው። ቲክም ቅባታማ ስለሆነ ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል። ከመቀባታችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ፊቱን በአሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። አሴቶኑ ሲተን ወዲያው ቀቡ። ቆይታችሁ ከቀባችሁ ቅባቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የመጀመሪያው እጅ እጅግ ስስ ይሁን። በውሃ የሚቀጥን ስቴይን ይህ የመድረቅ ችግር ያንሰዋል፤ ግን እንጨቱ የሚያወጣውን እድፍ የሚያግድ የመጀመሪያ እጅ ሊፈልግ ይችላል። እንጨቱ ኢሮኮ ሳይሆን ኦክ ወይም ባሕር ዛፍ ሆኖ ከተገኘ ስለ ታኒን ማሰብ አለባችሁ። ዝናብ ሲመታው ቡናማ ውሃ እያወረደ ግድግዳውን ያቆሽሻል። ማሆጋኒ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም።

ብረት ከእንጨቱ ይራቅ። ታኒን ያለው እንጨት እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካው ሰማያዊ ጥቁር ነጥብ ይወጣዋል። «በጠቆረ ቀለም ይሸፈናል» ትሉ ይሆናል። መልኩ ይሸፈናል። ዝገቱ ግን ምስማሩንም በዙሪያው ያለውን እንጨትም ይበላል። ብሎኑና ማጠፊያው የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ይሁን። የብረት ሱፍ ለማሸት አትጠቀሙ። ግቢ ውስጥ የብረት ሥራ ካለም በሩን አሽሹት። ከግራይንደር የሚረጨው ፍንጣሪ እንጨቱ ላይ ያርፍና በመጀመሪያው እርጥበት ነጠብጣብ ያደርገዋል። የወጣውን ነጥብ ኦክሳሊክ አሲድ ያነሳዋል። መርዛማ ስለሆነ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

አሁን በጣም የምጨነቅበት ነጥብ ላይ ደረስኩ። እንጨቱ ገና አልተገጠመም ብላችኋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አታሳልፉት።

እንጨት ውሃ በይበልጥ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ ነው። ቃጫዎቹ ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሆኑ ጫፋቸው ክፍት ነው። በሩ የሚበሰብሰው ከታች የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። የቋሚዎቹ የታችኛው ጫፍ ወለሉ ላይ የረጨውን ውሃ ይስባል። ቀቢዎች ደግሞ በሩ ከተሰቀለ በኋላ ስለሚመጡ ያንን ጫፍ ማንም አይነካውም። ስለዚህ በሩን አስተኝታችሁ የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ መምጠጥ እስኪያቆም ደጋግማችሁ ቀቡ። የመቃኑን ጀርባ፣ ግድግዳ የሚነካውን፣ ከመገጠሙ በፊት ቀቡት። የመደገፊያው ቋሚዎች ወለል የሚነኩበት ጫፍም እንዲሁ። አንዱ ፊት ተቀብቶ ሌላው ካልተቀባ ሁለቱ ፊቶች እርጥበት የሚወስዱት እኩል አይሆንም፣ መዝጊያውም ይጣመማል። ቀለሙ ጠቁሮ ፀሐይ ሲያገኘው መጣመሙ ይብሳል።

በሩ መሀል ላይ ሰሌዳ ካለው አናጢውን አንድ ነገር ጠይቁት። ሰሌዳው በቋሚዎቹ ጎድጎድ ውስጥ በኮላ ተጣብቋል ወይስ ነፃ ነው? ነፃ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ነፃ ከሆነ ደግሞ ጎድጎዱ ውስጥ የሚገባው ጠርዙ ከመገጣጠሙ በፊት መቀባት አለበት። ካልተቀባ በደረቅ ወቅት ሰሌዳው ሲጠብ በጠቆረው በር ላይ ሐመር መስመር ብቅ ይላል። በፈካ ቀለም ይህ አይታይም። በጥቁር ላይ ግን ዓይን የሚስበው መጀመሪያ እሱ ነው። ተገጣጥሞ ካለቀ፣ ሰሌዳው በጣም በደረቀበትና በጠበበበት ሰዓት በቀጭን ብሩሽ ወደ ጎድጎዱ እያስገባችሁ ቀቡ።

ስለ ኮላውም ጠይቁ። ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በተራ የክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲም ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ጥንካሬው መውረድ ይጀምራል። ጥቁር በር ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ አናጢው በምን እንዳጣበቀው ሳታውቁ ቀለሙን አትወስኑ። መጋጠሚያው ራሱ በደንብ ተጠልፎ የተሠራ ከሆነ ኮላው ቢለሰልስም በሩ ይቆማል። በኮላ ብቻ የቆመ ከሆነ ፈካ ያለ ቡናማ ይሻላችኋል። ስቱኮም ቢቀር ይሻላል። ስቴይን ስቱኮ ላይ መልኩ ይለያል፣ ፀሐይ ላይም ተሰነጣጥቆ ይወድቃል።

ሹል ጠርዝ ቀለም አይዝም። ፈሳሹ ከጠርዙ ይሸሻል። ጠርዞቹ ሁሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ይበሉ። ብርጭቆ ወረቀቱ በቁጥር 80 ጀምሮ ቁጥር 120 ላይ ይቁም። ከዚያ በላይ ማለስለስ ለቤት ውስጥ ጠረጴዛ እንጂ ለዚህ አይጠቅምም፤ እንጨቱ ስቴይኑን መጠጣት ያቆማል። የኢሮኮ ብናኝ አፍንጫና ቆዳ ያስቆጣል፣ ስለዚህ ያለ ማስክ አትሹ።

ሲቀባ የእንጨቱ እርጥበት ከ16 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። አናጢው የእርጥበት መለኪያ ካለው ዓይናችሁ እያየ ይለካ። ጥላ ውስጥ ቀቡ። በጋለ እንጨት ላይ የተቀባ ስቴይን ሳይሰርግ ይደርቃል፣ የብሩሹ መንገድም ይቀራል። አመሻሽ ላይም አትጀምሩ፤ ጤዛ ያገኘዋል። ብዙ ጣሳ ከገዛችሁ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ፣ መልኩ እንዳይለያይ። ፒግመንቱ ስለሚዘቅጥ በየመሀሉ አማስሉት። አንዱን ቋሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ። በቂ አልጠቆረም ብላችሁ ተጨማሪ እጅ አትደርቡ። ከተደረበ ስስነቱ ይጠፋል፣ መላጥም ይመጣል። ጠቆር ያለውን ጣሳ መግዛት ነው መፍትሔው።

አንድ ነገር አደራ። የሚደርቅ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህ በእውነት የሚደርስ አደጋ ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። በዓመት አንዴ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ እጠቡት። ሲደርቅ የበሩን የታችኛውን ክፍል፣ የመስኮቱን ደፍና የእጅ መያዣውን ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ፈትኑ። ጠብታው ተንከባሎ ከቀረ ምንም አትንኩት። ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረ የማደሻ ጊዜው ነው። ፀሐይ የሚመታው በኩል ከጥላው ቀድሞ ይህ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማደስ ግድ አይደለም። የሳሳውን ብቻ በቀላሉ አሽታችሁ አንድ እጅ ቀቡ። ግራጫ እንጨት እስኪታይ ግን አትጠብቁ። ግራጫው ከወጣ በኋላ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ማሸት ሊያስፈልግ ነው።

በሩ ላይ ጥላ የሚጥል ክፈፍ ወይም መጠለያ ማሠራት የምትችሉ ከሆነ፣ ከማንኛውም ጣሳ ይልቅ እሱ ዕድሜ ይጨምርለታል። እሱ ካለ ወደ ጥቁር ይበልጥ መጠጋት ትችላላችሁ። ከሌለ ባልኳችሁ ጥቁር ቡናማ ላይ ቁሙ።

ለአሁኑ የመጀመሪያው ሥራ ናሙናው ነው። በአሴቶን የተጠረገ አንድ ቁራጭ፣ ያልተጠረገ አንድ ቁራጭ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስቴይን ቀቡ። ጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት አልፎ ያልተጠረገው የሚያጣብቅ፣ የተጠረገው ግን የደረቀ ከሆነ መጥረጉን ለሁሉም አድርጉ። ሁለቱም የሚያጣብቁ ከሆነ በውሃ ወደሚቀጥነው ዙሩ። በሩን አትንኩት፣ ቁራጩ መልስ እስኪሰጣችሁ።